ከተማሪ ወንበር የተነሣ መጽሐፍ፤ ስለ «ዘ አውትሳይደርስ» ታሪክና ስለ አስተማሪው ድርሻ

ትምህርት ቤት ልጆችን ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ይሰበስባል፤ ልባቸውን ግን ሁልጊዜ በአንድነት ለመሰብሰብ አይችልም። ደወል ተደውሎ ወደ ክፍል ሲገባ የባለጠጋው ልጅና የድኻው ልጅ፣ ከላይ ሰፈር የመጣውና ከታች ሰፈር የመጣው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ደወል ተደውሎ ከክፍል ሲወጣ ግን እያንዳንዱ ወደ እኩዮቹ ይሮጣል፤ ግቢውም በዐይን በማይታይ አጥር ይከፋፈላል። ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈለትን ሊረሳ ይችላል፤ በዕረፍት ሰዓት በግቢው ማእዘን «አንተ ከእኛ ወገን አይደለህም» የተባለውን ግን ፀጉሩ እስኪሸብት አይረሳውም።

ይህን ነገር የማያውቅ መምህር የለም። ዳሩ ግን በክፍል ውስጥ በግልጽ ሊነጋገሩበት የሚያስችል መጽሐፍ ማግኘት ቀላል አልነበረም። የአሜሪካ መምህራን ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ አብልጠው የሚይዙት በ1967 የታተመውን፣ በእንግሊዝኛ «ዘ አውትሳይደርስ» የተባለውን ልብ ወለድ ነው። ስሙን በአማርኛ «ከአጥር ውጭ የቀሩት» ብንለው ከሐሳቡ አንርቅም። የጻፈችውም ኤስ. ኢ. ሂንተን ናት፤ በጻፈችበት ጊዜ እርሷ ራሷ ገና በተማሪ ወንበር ላይ ነበረች። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

የጽሑፋችን ዓላማ የመጽሐፉን ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ ተከትለን አንድ ነገር ለማስረዳት ነው፤ ይኸውም ስለ ተፎካካሪ የወጣት ቡድኖች የሚናገረውን ይህን መጽሐፍ የሚያስተምር ሰው፣ የራሱን ክፍል ወንበሮች ሳይመለከት በሚገባ ሊያስተምረው የማይችል መሆኑን ነው።

ስለ ዘመኑና ስለ አገሩ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገቡት ወጣቶች ጥቂቶች ነበሩ፤ የቀሩት በዚያ ዕድሜ በእርሻ፣ በፋብሪካና በቤት ሥራ ላይ ተሰማርተው ይገኙ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን አብዛኛው ወጣት እስከ ዐሥራ ሰባትና ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ድረስ በትምህርት ቤት ይቈይ ጀመር። በዚህም ምክንያት የራሱ አለባበስ፣ የራሱ ሙዚቃ፣ አንዳንዴም የራሱ መኪና ያለው፣ ከወላጆቹ ቃል ይልቅ የእኩዮቹን ቃል የሚሰማ አዲስ የኅብረተሰብ ክፍል ተፈጠረ። ጄምስ ኮልማን የተባለው የኅብረተሰብ ሊቅ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ዐሥር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን መርምሮ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በተማሪዎች መካከል ክብር የሚሰጠው ለትምህርት ብርታት ሳይሆን ለስፖርት ችሎታና በጓደኞች ዘንድ ለመወደድ መሆኑን ገለጠ። አስተማሪው ከፊት ሆኖ አንድ ትምህርት ሲሰጥ፣ ከኋላ ወንበር ሌላ ትምህርት ይሰጥ ኖሯል ማለት ነው።

የመጽሐፋችን አገር በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት የምትገኘው የቱልሳ ከተማ ናት። ቱልሳ በነዳጅ ዘይት ሀብት ያደገች፣ በአንድ ወቅትም «የዓለም የነዳጅ ዘይት ዋና ከተማ» ተብላ ትጠራ የነበረች ከተማ ናት። የነዳጅ ሀብት እንደ ዝናም ሁሉን እኩል አያርስም፤ ለአንዱ ትልቅ ቤት ሲሠራ ለሌላው የቀን ሥራ ብቻ ይተርፈዋል። የሁለቱም ልጆች ግን በአንድ ትምህርት ቤት ተገናኙ።

ሱዛን ኤሎይዝ ሂንተን በ1948 በዚህች ከተማ ተወለደች፤ ዊል ሮጀርስ በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ተማረች። በዚያ ዘመን ተማሪዎቹ በብዙ ቡድን የተከፈሉ ሲሆኑ በሁለቱ ጫፍ የሚገኙት ግን እነዚህ ነበሩ። አንደኞቹ ፀጉራቸውን አሳድገው ቅባት ስለሚቀቡ «ግሪዘር» ይባላሉ፤ የሠራተኛና የድኻ ልጆች ናቸው። ሁለተኞቹ «ሶሽ» ይባላሉ፤ ስሙ «ሶሻል» ከሚለው ቃል የተቈረጠ ነው፤ እነርሱም ጥሩ መኪና የሚነዱ፣ በግብዣና በማኅበር የሚታወቁ የባለጠጎች ልጆች ናቸው። ሂንተን መጻፍ የጀመረችው በዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። መነሻ የሆናትም አንድ ጓደኛዋ ወደ ቤቱ ሲሄድ በሌላው ወገን ልጆች መደብደቡ ያሳደረባት ቁጣ እንደ ነበረ በብዙ ጊዜ ተናግራለች። ሌላም ምክንያት ነበራት፤ በቤተ መጻሕፍት ለዕድሜዋ የቀረቡት መጻሕፍት ስለ ጭፈራ ምሽትና ስለ ፈረስ የሚያወሩ እንጂ፣ እርሷ በየቀኑ በዐይኗ የምታየውን የሚናገሩ አልነበሩም።

ደግመን ደጋግመን ልናስበው የሚገባ አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ይህን መጽሐፍ በምትጽፍበት ዓመት በድርሰት ትምህርት ያገኘችው ውጤት «ዲ» እንደ ነበረ ደራሲዋ ራሷ ተናግራለች። ይህን የምንጠቅሰው ውጤቱን የሰጠውን መምህር ለመውቀስ አይደለም። ተማሪው በደብተሩ ላይ ለእኛ የሚጽፍልንና ሌሊት ለራሱ የሚጽፈው አንድ ላይሆን እንደሚችል ለማስታወስ ነው።

መጽሐፉ በ1967 በሚያዝያ ወር በቫይኪንግ ማተሚያ ድርጅት ታተመ፤ ደራሲዋም የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበረች። ስሟ በሙሉ ያልተጻፈው፣ ስለ ወንዶች ጠብ የሚናገር መጽሐፍ በሴት ልጅ መጻፉን የሚያዩ ሐያስያን ሳያነቡ እንዳይንቁት አሳታሚዎቹ በመስጋታቸው ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የመጻሕፍት ዐምድ ላይ ባወጣችው ጽሑፍ፣ ወጣቶች ስለ እውነተኛ ኑሮአቸው የሚጻፍ መጽሐፍ እንደሚሹ ተከራከረች።

ስለ መጽሐፉ ታሪክ

የመጽሐፉ ባለታሪክ ፖኒቦይ ከርቲስ ይባላል፤ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ወላጆቹ በመኪና አደጋ ስለ ሞቱበት፣ ኮሌጅ የመግባት ተስፋውን ትቶ በጕልበት ሥራ በሚያድረው በሃያ ዓመቱ ወንድሙ በዳሪ እጅ ያድጋል፤ ሶዳፖፕ የተባለው ሁለተኛው ወንድሙም ትምህርቱን አቋርጦ በነዳጅ ማደያ ይሠራል። ሦስቱም ከግሪዘሮች ወገን ናቸው። አንድ ሌሊት በመናፈሻ ሥፍራ የሰከሩ ሶሾች ፖኒቦይንና ጓደኛውን ጆኒን ይከቧቸዋል፤ ፖኒቦይን በፏፏቴው ገንዳ ውስጥ ሲደፍቁት፣ ቀደም ሲል በእነዚሁ ልጆች ክፉኛ የተደበደበው ጆኒ ከፍርሃቱ የተነሣ ጩቤ መዞ ቦብ የተባለውን ይገድላል። ሁለቱ ልጆች ሸሽተው በገጠር ባለች ባዶ ቤተ ክርስቲያን ይሸሸጋሉ፤ ቀኑንም አንድ ትልቅ ልብ ወለድ በማንበብ ያሳልፋሉ። በመጨረሻም ቤተ ክርስቲያኒቱ በእሳት ስትያያዝ፣ ለሽርሽር የመጡ ሕፃናት በውስጧ መኖራቸውን አይተው ገብተው ያወጧቸዋል፤ ጆኒ ግን የተቃጠለ ወራጅ ወድቆበት ጀርባው ይሰበራል።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወገኖች በተቀጣጠሩበት ሜዳ ተገናኝተው ይደባደባሉ። ግሪዘሮች ያሸንፋሉ፤ ድሉ ግን «ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» እንደ ተባለው ሆነ። ባለጠጋው ባለጠጋ፣ ድኻውም ድኻ ሆኖ ይቀራል፤ ጆኒ በዚያው ሌሊት ይሞታል፤ ሞቱን ሊሸከም ያልቻለው ዳላስ የተባለው ጓደኛቸውም ባዶ ሽጉጥ በፖሊሶች ላይ አነጣጥሮ ሞትን በራሱ ላይ ይጠራል።

አንባቢ ሁሉ ጠቡንና እሳቱን ያስታውሳል። አስተማሪ ግን ሊያስተውላቸው የሚገቡ፣ ብዙ ጊዜ የሚታለፉ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ፖኒቦይ በትምህርቱ ብርቱ ስለ ሆነ ከሶሾቹ ልጆች ጋር በከፍተኛው የትምህርት ክፍል የሚቀመጥ መሆኑ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ያለ ጠብ በየቀኑ የሚገናኙበት አንዱ ሥፍራ ክፍሉ ነው። እዚያም ቢሆን ይተያያሉ እንጂ አይተዋወቁም። በሥነ ሕይወት ትምህርት ጊዜ ትል ለመክፈት የተሰጠው ምላጭ አልቈርጥ ቢለው ከኪሱ ጩቤ ያወጣል፤ አጠገቡ ያለችው ልጅም ስለ እነርሱ የሚወራው ሁሉ እውነት መሆኑን ያረጋገጠች ይመስላታል። መምህሩ አንድ ክፍል አስተማረ፤ በዚያ ክፍል ግን ሁለት አገር ተቀምጦ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የመጽሐፉ መጨረሻ ነው። ፖኒቦይ ከሁሉ ኀዘን በኋላ በትምህርቱ ደክሞ ሊወድቅ ሲደርስ፣ ሳይም የተባለው የእንግሊዝኛ መምህር ያስቀረዋል፤ ርዝመቱን እንደ ወደደ አድርጎ ጥሩ ድርሰት ከጻፈ በ«ሲ» ውጤት እንደሚያሳልፈው ይነግረዋል። ልጁ ብዙ ሲያስብ ቈይቶ፣ ማንም ያልተናገረላቸው እንደ ጆኒና እንደ ዳላስ ያሉ ልጆች ብዙ መሆናቸውን አስታውሶ ብዕሩን ያነሣል። የሚጽፈውም የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር አንባቢው መጽሐፉን ሲከፍት ያነበበው ያው ዐረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ መጽሐፉ በሙሉ አንድ መምህር ያዘዘው የቤት ሥራ ሆኖ ይገኛል።

ወደ ክፍል እንዴት እንደ ገባ

መጽሐፉ ወደ ትምህርት ቤት የገባው በሥርዐተ ትምህርት ትእዛዝ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በግድ የሚነበቡት የሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር»፣ የጆርጅ ኤልየት «ሳይለስ ማርነር»፣ የዲከንስ «የሁለት ከተሞች ወግ» እና እነዚህን የመሳሰሉ ነበሩ። መጻሕፍቱ ታላላቅ መሆናቸው አያጠያይቅም፤ ዳሩ ግን ብዙ ተማሪዎች አያነቡአቸውም፤ አስተማሪውም ይህን ያውቅ ነበር።

በዚያው ዘመን ስለ ንባብ ትምህርት ታላቅ ክርክር ተነሣ። ዳንኤል ፌደር የተባለ መምህር በሚሺገን ክፍለ ግዛት በሕግ ለተያዙ ልጆች በተቋቋመ የማረሚያ ትምህርት ቤት፣ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ ባለወረቀት ሽፋን መጻሕፍትን እንደ ልብ በማደል፣ አያነቡም የተባሉትን ልጆች አንባቢ ለማድረግ የሞከረበትን ሥራ በ1966 በመጽሐፍ አወጣ። በዚያው በ1966 በጋ በዳርትማውዝ ኮሌጅ አምሳ ያህል የእንግሊዝና የአሜሪካ የቋንቋ መምህራንና ሊቃውንት አንድ ወር ለሚጠጋ ጊዜ ተሰብስበው፣ የቋንቋ ትምህርት ዓላማ ዕውቀትን ማስያዝ ነው ወይስ ልጁ በራሱ ሕይወት ላይ በማንበብና በመጻፍ እንዲያድግ መርዳት ነው ብለው ተከራከሩ። ጆን ዲክሰን የጉባኤውን ሐሳብ በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለተኛውን መንገድ አጠነከረ። ከእነርሱም አስቀድማ ልዊዝ ሮዘንብላት በ1938 ባወጣችው መጽሐፍ፣ ንባብ በጽሑፉና በአንባቢው ኑሮ መካከል የሚደረግ መገናኘት መሆኑን አስረድታ ነበር። የሂንተን መጽሐፍ የደረሰው እንግዲህ እርሻው ከታረሰ በኋላ ነው። በዚያው በ1967 የሮበርት ሊፕሳይት «ዘ ኮንቴንደር»፣ በ1968 ደግሞ የፖል ዚንደል «ዘ ፒግማን» ታትመው፣ የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ የሚባለው ዘርፍ ራሱን ችሎ ቆመ።

ደራሲዋ እንደምትናገረው መጽሐፉ በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም ርካሽ መጽሐፍ በየሱቁ ቀርቦ ገበያው ደካማ ነበር፤ አሳታሚዎቹ ግን መምህራን ለክፍላቸው እየገዙት መሆኑን አስተዋሉ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ከመምህር ወደ መምህር እየተላለፈ በብዙ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በ1980 በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ አጠገብ ያለ ሎን ስታር የተባለ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከተማሪዎቿ ፊርማ ጋር ለፊልም አዘጋጁ ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ደብዳቤ ጻፈች፤ መጽሐፉን ፊልም እንዲያደርግላቸው ለመኑት፤ ፊልሙም በ1983 ወጣ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለወጣቶች ደራስያን የሚሰጠውን የማርጋሬት ኤድዋርድስ ሽልማት በ1988 በመጀመሪያ የተቀበለችው ሂንተን ናት። በ2024 ደግሞ ታሪኩ በሙዚቃ ተውኔት ሆኖ በብሮድዌይ መድረክ ቀርቦ የዓመቱን የቶኒ ሽልማት አግኝቷል።

መንገዱ ግን ያለ እንቅፋት አልነበረም። ጠብ፣ መጠጥ፣ ሲጋራና የፈረሰ ቤተ ሰብ በመጽሐፉ ስለሚታዩ፣ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ የጠየቁ ወላጆች በየጊዜው ተነሥተዋል፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1990ዎቹ ብዙ ጊዜ አቤቱታ የቀረበባቸውን መጻሕፍት ሲዘረዝር ይህንም ቈጥሮታል። የወላጆችን ሥጋት መናቅ አይገባም። ነገር ግን መጽሐፉ ጠብን አስጊጦ አያቀርብም፤ ሦስት መቃብር ቈፍሮ ያሳያል እንጂ። ለልጁ ጠቡን የሚያስተምረው መንገዱ ነው፤ መጽሐፉ የሚያስተምረው የጠቡን ዋጋ ነው።

በዚያው አገር የተደረገ ፈተና

ስለ ወጣት ቡድኖች ጠብ በሳይንስ መንገድ ከተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ ስሙ የገነነው በዚያችው በኦክላሆማ መደረጉ የሚያስደንቅ ነው። በ1954 በጋ በቱርክ አገር የተወለደው የሥነ ልቡና ሊቅ ሙዛፈር ሸሪፍ ከባልደረቦቹ ጋር፣ በኑሮም በእምነትም እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸውን 22 ወንዶች ልጆች ሮበርስ ኬቭ ወደሚባል መናፈሻ ወሰደ። በሁለት ከፈላቸው፤ አንዱ ቡድን ሌላው መኖሩን ሳያውቅ ጥቂት ቀን ከቈዩ በኋላ አንዱ ራሱን «ንስሮች»፣ ሁለተኛውም በእባብ ስም ራሱን ሰየመ። ሽልማት ተዘጋጅቶ በገመድ ጉተታና በኳስ ሲወዳደሩ ጥላቻ ተነሣ፤ ባንዲራ ተቃጠለ፤ መኝታ ቤት ተበረበረ። በመካከላቸው የሀብት ልዩነት የለም፤ የቈየ ቂም የለም፤ ስምና ፉክክር ብቻ በቂ ሆነ።

ለእኛ ለመምህራን ዋናው ነገር ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው። ሊቃውንቱ ልጆቹን በአንድነት ቢያበሉአቸውና ፊልም ቢያሳዩአቸው ጥላቻው አልበረደም፤ እንዲያውም በማዕድ ቤት ምግብ ተወራወሩ። ጠቡ መርገብ የጀመረው የውኃው መስመር ሲቋረጥና የምግብ መኪናው «አልነሣም» ሲል፣ ማለት አንዱ ቡድን ብቻውን ሊወጣው የማይችለው ሥራ ሲመጣ ነው። ቀድሞ እርስ በርሳቸው በተጓተቱበት ገመድ መኪናውን በአንድነት ጐተቱት። እንግዲህ ልጆችን በአንድ ክፍል ጐን ለጐን ማስቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንረዳለን።

በኋላ ዘመን የተደረገው ምርምር ይህን ፈተና ሳይመረምር አላለፈውም። በ2018 ጂና ፔሪ ያሳተመችው ጥናት፣ ጠቡን ያነሣሡት ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ አዋቂዎቹም እንደ ነበሩ አመልክቷል። ከዚህም ይበልጥ የሚያስተምረን፣ በ1953 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የተሞከረው ቀዳሚው ፈተና መክሸፉ ነው። በዚያ ልጆቹ ከመከፈላቸው አስቀድሞ ስለ ተዋወቁ፣ የአዋቂዎቹ ጥረት ሁሉ ጠላት ሊያደርጋቸው አልቻለም። ቀድሞ የተዋወቀ ልጅ በቀላሉ አይለያይም።

መጽሐፉ ስላላነሣው

ጥሩ አስተማሪ መጽሐፉ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚያልፈውንም ያስተምራል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የምናየው መለያየት በነጮች ልጆች መካከል ያለው የሀብትና የድህነት መለያየት ነው። በቱልሳ ግን ከዚህ የጠለቀ ቁስል ነበረ። ከግንቦት 31 እስከ ሰኔ 1 ቀን 1921 ድረስ የነጮች ጭፍራ ግሪንውድ በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ላይ አደጋ ጥሎ 35 ብሎክ ያህል ቤትና ሱቅ አቃጠለ፤ የሟቾቹም ቍጥር እስከ 300 ሊደርስ እንደሚችል የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ይህ ነገር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በኦክላሆማ ትምህርት ቤቶች ሳይነገር ቈየ፤ ክፍለ ግዛቱ ያቋቋመው መርማሪ ጉባኤ ዘገባውን ያቀረበው በ2001 ነው። የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተማሪዎችን በዘር መለየትን በ1954 ቢከለክልም፣ የጥቁሮች ትምህርት ቤት የነበረው የቱልሳው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ከነጮች ጋር እንዲማሩበት የተደረገው በ1973 ነው።

ይህን የምንለው አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሁሉን ስላልጻፈች ለመክሰስ አይደለም፤ ያየችውን ጻፈች። ያላየችውን እንዳታይ ያደረጋት ግን ትምህርት ቤቱ የተከለው አጥር ነው። በአንድ ክፍል ያልተቀመጡ ልጆች አንዱ በሌላው መጽሐፍ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ መጽሐፉን የሚያነብ ክፍል «በዚህ ታሪክ ውስጥ ማን የለም? ለምንስ ሳይኖር ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይኸው ጥያቄ ወደ ራሱ ክፍልም ይመለሳል።

ስለ አስተማሪው ድርሻ

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚሆነውን ስንለቅም፣ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እናገኛለን። አንዳንድ መምህራን ትምህርቱን ለማሳመር ሲሉ ተማሪዎችን ግሪዘርና ሶሽ ብለው ከፍለው ያጫውታሉ። በ1968 በሚያዝያ ወር፣ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ማግሥት፣ ጄን ኤልየት የተባለች መምህርት በአዮዋ ክፍለ ግዛት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቿን በዐይናቸው ቀለም ከፍላ የንቀትን ክፋት ልታሳያቸው ብትሞክር፣ ልጆቹ በአንድ ቀን ውስጥ እርስ በርሳቸው መናናቅ እንደ ጀመሩ ይታወቃል። የመምህርቱ ዓላማ በጎ ነበር፤ ነገሩ ግን ልጆችን መለያየት ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ያሳያል። ክፍል ቀድሞውኑ በራሱ የተከፈለ ስለ ሆነ፣ አስተማሪው ሌላ ክፍፍል ሊጨምርበት አይገባም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ መጽሐፉን የወገን መጽሐፍ አድርጎ ማስተማር ስሕተት ነው። ብዙ ተማሪዎች ለድኻው ወገን ያዝናሉ፤ ማዘናቸውም መልካም ነው። ነገር ግን ቼሪ የተባለችው የባለጠጋ ልጅ ከፖኒቦይ ጋር ስትነጋገር ሁለቱም ያንኑ የምሽት ፀሐይ ከየሰፈራቸው እንደሚመለከቱ ይረዳሉ፤ ራንዲ የተባለው የቦብ ጓደኛም ከጠቡ በፊት ወደ ፖኒቦይ መጥቶ መደባደቡ ምንም እንደማያመጣ ይናገራል። እነዚህን ገጾች አስተማሪው ቀስ ብሎ ሊያስነብብ ይገባዋል። ጠላት የተባለው ሰው ስም፣ እናትና ኀዘን ያለው መሆኑ የሚታወቅባቸው ገጾች ናቸውና።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ጠቡን ከመጽሐፉ ወደ ክፍሉ ሲያሻግሩ የማንንም ተማሪ ስም መጥራት አይገባም። «እናንተ የዚህ ሰፈር ልጆች» ብሎ የሚጀምር መምህር በር ዘጋ እንጂ አልከፈተም። ተማሪው ስለ ጆኒ ሲናገር ስለ ራሱ እየተናገረ መሆኑን አስተማሪው ቢያውቅም እንኳ ዝም ብሎ ያዳምጠው። መጽሐፍ የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ ልጁ ሳያፍር እንዲናገር መጋረጃ ይሆንለታል።

በአራተኛ ደረጃ፣ ንባቡ በጋራ ሥራ መደምደም አለበት። የሮበርስ ኬቭ ልጆች የተስማሙት ስለ ስምምነት ስብከት ስለ ተሰጣቸው አይደለም፤ መኪናው ስለ ቆመ ነው። በአንድ ወንበር የማይቀመጡ ተማሪዎች አንዱን ምዕራፍ ወደ ተውኔት እንዲለውጡ፣ ወይም አንዱ የጀመረውን ድርሰት ሌላው እንዲፈጽም ቢታዘዙ፣ ሥራው ራሱ ያስተዋውቃቸዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በቃላቸው ከሚደግሙ፣ አንድ ጊዜ በእጃቸው ቢሠሩት ይሻላል።

በመጨረሻም፣ ከሁሉ የሚበልጠው የመምህር ሳይም ትእዛዝ ነው። ይህ መምህር ታላቅ ንግግር አላደረገም፤ ልጁን አልገሠጸውም፤ ስለ ቡድኖችም አልጠየቀውም። መውደቁን አይቶ፣ የሚያውቀውን በሚያህል ርዝመት እንዲጽፍ ወረቀት ሰጠው። ልጁም በጩቤ ፈንታ ብዕር ያዘ። አስተማሪ በክፍሉ ያለውን ጠብ ሁሉ ሊያስታርቅ አይችልም፤ የባለጠጋውን ሀብት ሊያካፍል፣ የድኻውን ቤት ሊሠራ አይችልም። ተማሪው ያየውን እንዲጽፍና የጻፈውንም በቁም ነገር የሚያነብለት ሰው እንዲያገኝ ማድረግ ግን ይችላል። እንዲህ ያለው ድርሰት ለክፍሉ ሁሉ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ላይሆን ይችላል፤ ምሥጢር ከሆነ በመምህሩ ዘንድ ይቀመጥ። ነጥቡም በሰዋስው ጉድለት ብቻ አይለካ።

ስለ ትምህርት ባለሥልጣኖችም አንድ ቃል እንጨምራለን። በዚህ መጽሐፍ ታሪክ ውስጥ መንገዱን የከፈቱት በክፍል ያሉ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ናቸው፤ ሥርዐተ ትምህርቱ የተከተላቸው በኋላ ነው። በአሜሪካ የሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆች በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል አካባቢ ይህን መጽሐፍ ያገኙታል፤ ወላጆቻቸውም ልጃቸው በአዲሱ ትምህርት ቤት «ከየትኛው ወገን ነህ?» ተብሎ እንደሚጠየቅ ያውቃሉ። በዚህ በአገራችንም ተማሪዎች በሰፈር፣ በሀብትና በቋንቋ ተለያይተው በየግቢው ማእዘን ሲቆሙ የማያይ መምህር የለም። ባለሥልጣኖቻችን ለመምህሩ የተወሰነ ነፃነት፣ ለቤተ መጻሕፍቱ የተወሰነ ገንዘብ፣ ለድርሰት ትምህርቱም የተወሰነ ሰዓት ቢፈቅዱ፣ ስለ ራሳችን ግቢ የሚናገረው መጽሐፍ ከራሳችን ተማሪዎች ወንበር ሊነሣ ይችላል። ምናልባትም ጸሐፊው አሁን በኋለኛው ረድፍ ተቀምጦ፣ በድርሰት ትምህርት ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘው ልጅ ይሆናል። ደብተሩን ሳናነብ እንዳናልፈው ለሥራ ባልደረቦቻችን በትሕትና እናሳስባለን።